እጥፋትና ስንጥቅ፦ ላሜራ በምን ያህል ሬዲየስ ይታጠፍ?

ካሳራኒ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተዘጋጀውን የናይሮቢ ስታዲየም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ስፍራ በ1990 ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ኬንያውያን ባለሙያዎች የሠሯቸውን ኒያዮ ፓዮኒር የተባሉ መኪኖች ለሕዝብ አሳይተዋል። ሥራው የተጀመረው በ1986 ለናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በቀረበ ጥሪ ነበር። መኪኖቹ በገንዘብ እጥረት ገበያ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ለማምረት የተቋቋመው ድርጅትም ኋላ ላይ ኑሜሪካል ማሽኒንግ ኮምፕሌክስ ተብሎ ልዩ ልዩ የብረት ክፍሎችን ወደ መሥራት ዞረ።

የመኪናው ምርት ቢቀርም ብረት ማጠፉ በካሳራኒ አልቀረም። ከቲካ አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ምዊኪ በሚወስደው መንገድ ዳር የግቢ በር፣ መስኮትና መደርደሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየቀኑ ላሜራ ያጥፋሉ። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን የጎዳና ዳር ሥራ በስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ «የሚያቃጥል ፀሐይ» ማለት ነው። ለመኪና በርም ሆነ ለግቢ በር ላሜራው ከመቆረጡ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ የእጥፋቱ የውስጥ ሬዲየስ ስንት ይሁን?

ሬዲየሱ ከሚገባው ሲያንስ ላሜራው በውጭ በኩል ይሰነጠቃል። ከሚገባው ሲበልጥ ማዕዘኑ ይከፈታል፣ መጠኑ ይዛባል፣ ክፍሎቹ አይገጥሙም። በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት መሐንዲሶች፣ የማሽን ባለሙያዎችና የደረጃ መዳቢ ተቋማት የሄዱባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ይህ ዳሰሳ መንገዶቹን፣ ማስረጃቸውንና እስካሁን ያልተቋጨውን ክርክር ያስቃኛል።

ሐዲድ፣ ፉንዲና ቆርቆሮ

ናይሮቢ የተቆረቆረችው የዩጋንዳ ባቡር ሐዲድ በ1899 ከደረሰባት በኋላ ነው። ከሐዲዱ ጋር ከሕንድ የመጡ አናጺዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችና ቆርቆሮ ሠሪዎች በከተማዋ ሰፈሩ። በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት የሆነው «ፉንዲ» የሚለው መጠሪያ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሲገልጽ ቆይቷል። ተመራማሪው ኬኔት ኪንግ በ1977 ባሳተመው የአፍሪካውያን የእጅ ባለሙያዎችን ታሪክ በሚመረምር መጽሐፉ፣ ሙያው ከሕንዳውያን አሠሪዎች ወደ አፍሪካውያን ሠራተኞች እንዴት እንደተላለፈ አሳይቷል። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1972፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ያወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለውን ሥራ «መደበኛ ያልሆነ ዘርፍ» በሚል ስም ለዓለም አስተዋውቆ ነበር። መንግሥት በ1986ና በ1992 ባወጣቸው የፖሊሲ ሰነዶች ጁዋ ካሊን የኢኮኖሚው አንድ አካል አድርጎ ተቀበለው።

የናይሮቢ የላሜራ ሥራ ማዕከል ካሙኩንጂ ነው። እዚያ የአዳሪ ተማሪ ሳጥን፣ ባልዲ፣ መጥበሻና የከሰል ምድጃ ይሠራል። የብዙዎቹ መስፍ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ነው። የእጥፋቱን ሬዲየስ የሚወስነው የሐዲዱ ጠርዝ ነው፤ የጠርዙ ክብነት በመዶሻ ምት ወደ ላሜራው ይተላለፋል። ይህን ያህል ዘመን ያለ ሠንጠረዥና ያለ ቀመር የተሠራበት ምክንያትም ይህ ነው። መሣሪያው ራሱ ሬዲየሱን ይዞ ይጠብቃል።

በአዲስ አበባም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮ በብዛት መግባት ጀመረ። «ላሜራ»፣ «ሞርሳ»፣ «ባትላሜራ» የሚሉት የሙያው ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀዶ፣ ተዘርግቶና ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። የሁለቱን ከተሞች ሙያ በግልጽ የሚያገናኝ ዕቃም አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ውስጥ የተስፋፋው፣ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ የሸክላ ልባስ ያለው የከሰል ምድጃ በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ «ላቀች» ተብሎ ተሠራ። የናይሮቢው ፉንዲና የምናለሽ ተራው ባለሙያ የሚያጥፉት ሽፋን የአንድ ቤተሰብ ነው።

ቆርቆሮው ራሱ የእጥፋት ፈጠራ ውጤት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በ1829 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ቀጭን ብረትን በማጠፍ ብቻ ጠንካራ ማድረግ ነበር። በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በዚንክ የመለበጥ ዘዴን አስመዘገበ። ሞገዱ ሰፊ ሬዲየስ ስላለው ብረቱም ልባጩም ሳይጎዳ ይታጠፋል። ያው ቆርቆሮ ለጥ ተደርጎ ሹል ጠርዝ ሲወጣለት ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል።

በእጥፋቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ገጽ ይጨመቃል። በመካከል የማይለጠጥም የማይጨመቅም ገለልተኛ መስመር አለ። ፈረንሳዊው ናቪየር በ1826 ባሳተመው የመካኒክስ ትምህርት የዚህን መስመር ቦታ በትክክል አስቀምጧል። ሆኖም የእሱ ስሌት የሚሠራው ጭነቱ ሲነሣ ወደነበረበት ለሚመለስ ብረት ነው። ላሜራ ግን ታጥፎ እንዲቀር ነው የሚፈለገው። እንግሊዛዊው ሮድኒ ሂል በ1950 ባሳተመው የፕላስቲሲቲ መጽሐፉ፣ ብረት በቋሚነት ሲታጠፍ ገለልተኛው መስመር ወደ ውስጠኛው ገጽ እንደሚሸሽ በሒሳብ አሳየ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው የመለጠጥ መጠን ነው። የውስጥ ሬዲየሱ ከላሜራው ውፍረት ጋር እኩል ሲሆን የውጭው ገጽ 33 በመቶ ያህል ይለጠጣል። ሬዲየሱ የውፍረቱ ግማሽ ሲሆን መለጠጡ 50 በመቶ ይደርሳል፤ እጥፍ ሲሆን ወደ 20 በመቶ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። እዚህ ላይ ወሳኙ ቁጥር የሬዲየሱ ርዝመት ብቻውን ሳይሆን የሬዲየስና የውፍረት ጥምርታ ነው። የ2 ሚሊሜትር ሬዲየስ ለ1 ሚሊሜትር ላሜራ ለስላሳ እጥፋት ነው፤ ለ4 ሚሊሜትር ላሜራ ግን ከባድ ፈተና ነው።

ሁለተኛው የልኬት ጉዳይ ነው። ገለልተኛው መስመር ስለሚሸሽ፣ ከመታጠፉ በፊት የሚቆረጠው ላሜራ ርዝመት በሬዲየሱ ላይ ይመሠረታል። መስመሩ ከውስጠኛው ገጽ የሚገኝበት ርቀት ለውፍረቱ ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ባለሙያዎች ኬ ፋክተር ይሉታል። ብዙ ጊዜ በ0.33ና በ0.5 መካከል ይሆናል፤ ለተራ ብረት 0.44 ይወሰዳል። በዚህ ስሌት 2 ሚሊሜትር ላሜራ በ2 ሚሊሜትር ሬዲየስ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ከውጭ ልኬቶቹ ድምር 3.5 ሚሊሜትር ያህል ይቀነሳል። ሬዲየሱ 2.56 ሚሊሜትር ከሆነ ቅናሹ 3.7 ሚሊሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ለአንድ እጥፋት ሩብ ሚሊሜትር አይሞላም፤ አራት እጥፋት ያለው ሳጥን ላይ ግን ወደ 1 ሚሊሜትር ይደርሳል። ክዳን የማይገጥመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

የመጀመሪያው አቋም፦ ሬዲየስ ውፍረትን ይከተላል

እጅግ የተስፋፋው መመሪያ የውስጥ ሬዲየስ ከውፍረት ጋር እኩል ይሁን የሚለው ነው። ቀላል ነው፤ ያለ ሠንጠረዥ ይታወሳል፤ ለለስላሳ ብረትም በአብዛኛው ይሠራል። ደጋፊዎቹ የዘመናት ልምድን ማስረጃ ያደርጋሉ። የለስላሳ ብረት ላሜራ 33 በመቶ የገጽ መለጠጥን ብዙውን ጊዜ ሳይሰነጠቅ ይችላል።

ድክመቱ የሚታየው ቁሱ ሲለወጥ ነው። በምህንድስና መማሪያዎች ላይ በተለምዶ የሚሰጡት ዝቅተኛ ሬዲየሶች ይህን ያሳያሉ። ለስላሳ አሉሚኒየም ዜሮ በሚባል ሬዲየስ ሊታጠፍ ሲችል ጠንካራ የአሉሚኒየም ውሕድ የውፍረቱን ስድስት እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ለስላሳ የማይዝግ ብረት የውፍረቱ ግማሽ ይበቃዋል፤ የጠነከረው ግን እስከ ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። ማግኒዥየም በለስላሳነቱ እንኳ አምስት እጥፍ ይጠይቃል።

ውፍረትን ማወቅም ራሱን የቻለ ችግር አለው። በናይሮቢም በአዲስ አበባም ላሜራ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በጌጅ ቁጥር ነው። ጌጅ 16 በአሜሪካ የብረት ሠንጠረዥ 1.52 ሚሊሜትር፣ ለዚንክ ልብጥ 1.61፣ ለአሉሚኒየም 1.29 ሚሊሜትር ነው፤ በእንግሊዝ የሽቦ ጌጅ ደግሞ 1.63። ስለዚህ «ሬዲየስ ከውፍረት እኩል» የሚለው መመሪያ ከጌጅ ቁጥር ሳይሆን በመለኪያ ከተለካ ውፍረት መነሣት አለበት።

ሁለተኛው አቋም፦ ሬዲየስ ቁሱን ይከተላል

ሁለተኛው ወገን መነሻው የብረቱ ተለጣጭነት ነው ይላል። በሰፊው የሚጠቀሰው ቀመር፣ ናሙናው ሲጎተት በተበጠሰበት ቦታ ምን ያህል በመቶ እንደቀጠነ ይወስዳል። 50ን በዚያ ቁጥር አካፍሎ 1 ሲቀነስ፣ ሬዲየሱ የውፍረቱ ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት ይገኛል። 50 በመቶ የሚቀጥን ብረት በራሱ ላይ ሊደረብ ይችላል፤ 25 በመቶ የሚቀጥን አንድ እጥፍ ሬዲየስ ይፈልጋል፤ 10 በመቶ ብቻ የሚቀጥን አራት እጥፍ ይጠይቃል።

የደረጃ ሰነዶችም ይህን መንገድ ይከተላሉ። ለግንባታ ብረት የወጣው የአውሮፓ ደረጃ 10025 ክፍል 2 ለእያንዳንዱ የብረት ዓይነት ዝቅተኛ ሬዲየስ በሠንጠረዥ ይሰጣል። ለቅዝቃዜ እጥፋት የተዘጋጀ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤስ 235 ብረት፣ የእጥፋቱ መስመር ላሜራው የተዳመጠበትን አቅጣጫ ሲያቋርጥ 8 ሚሊሜትር፣ ከአቅጣጫው ጋር ሲሄድ 10 ሚሊሜትር ይጠይቃል። ይበልጥ ጠንካራ የሆነው ኤስ 355 ደግሞ 10ና 12 ይፈልጋል።

አቅጣጫን ከቁጥር ውስጥ ማስገባቱ የዚህ አቋም ትልቅ ጥቅም ነው። ላሜራ ሲዳመጥ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶችና ባዕድ ነገሮች ልክ እንደ እንጨት ጭረት በአንድ አቅጣጫ ይረዝማሉ። እጥፋቱ ከጭረቱ ጋር ትይዩ ሲሆን ስንጥቁ መንገድ ያገኛል። ጭረቱን ሲያቋርጥ ግን ይከብደዋል። በካሳራኒም ሆነ በመርካቶ ከትልቅ ላሜራ ቁራጭ ሲወጣ ለቁጠባ ሲባል ቁራጮቹ ይዟዟራሉ። ከአንድ ላሜራ ከወጡ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች አንዱ ሲሰነጠቅ ሌላው ደኅና የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው አቋም፦ ሬዲየስ መሣሪያውን ይከተላል

ሦስተኛው አቋም የመጣው ከማጠፊያ ማሽን ባለሙያዎች ነው። ዛሬ ብዙው ሥራ የሚሠራው ላሜራው ዳይ በሚባል፣ የቪ ቅርጽ ባለው የታችኛው መሣሪያ ላይ ተቀምጦ በላይኛው መቺ በሚጫንበት፣ ነገር ግን እስከ ዳይው ግርጌ በማይደርስበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የውስጥ ሬዲየስን በዋነኛነት የሚወስነው የዳይው አፍ ስፋት ነው። በዘርፉ ለረጅም ጊዜ የጻፈው አሜሪካዊው ስቲቭ ቤንሰን ያስፋፋው መመሪያ ሬዲየሱን ከአፉ ስፋት በመቶኛ ይሰጣል። ለለስላሳ ብረት 16 በመቶ ያህል፣ ለማይዝግ ብረት ከ20 በመቶ በላይ፣ ለለስላሳ አሉሚኒየም ከ12 እስከ 15 በመቶ ነው።

ለ2 ሚሊሜትር ላሜራ የተለመደው የዳይ አፍ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 16 ሚሊሜትር ነው። ለለስላሳ ብረት የሚወጣው ሬዲየስ 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የመቺው አፍንጫ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆንም እንኳ። ንድፉ ላይ 2 ሚሊሜትር መጻፉ ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ የዚህ አቋም ደጋፊዎች ንድፍ አውጪው ሬዲየሱን ከመወሰኑ በፊት ወርክሾፑ ያሉትን ዳይዎች ይወቅ ይላሉ።

ሬዲየሱን ለማጥበብ ጠባብ ዳይ መጠቀም ይቻላል፤ ዋጋው ግን ኃይል ነው። ለለስላሳ ብረት በሰፊው በሚሠራበት ግምት፣ የውፍረቱ ካሬ በ65 ተባዝቶ ለዳይው አፍ ስፋት ሲካፈል ለአንድ ሜትር የሚያስፈልገው ቶን ይገኛል። 2 ሚሊሜትር ላሜራ በ16 ሚሊሜትር ዳይ 16 ቶን ሲጠይቅ በ10 ሚሊሜትር ዳይ 26 ቶን ይጠይቃል። የአፍንጫው ሬዲየስ ከውፍረቱ 63 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን ደግሞ መቺው ለስላሳ ብረትን ከማጠፍ ይልቅ ይወጋዋል፤ በውስጥ በኩል የሚቀረው ቦይ ኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

በእጅ ማጠፊያ ወይም በሐዲድ ጠርዝ ላይ ለሚሠራ ሰውም ይህ አቋም ይሠራል። ዳይው በጠርዙ ይተካ እንጂ ሬዲየሱን የሚሰጠው መሣሪያው መሆኑ አይቀየርም።

መለየት ያለባቸው ነገሮች

ሦስቱ አቋሞች የሚጋጩ የሚመስሉት ለተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ስለሚሰጡ ነው። ውፍረት መነሻውን ይጠቁማል፤ ቁሱ ዝቅተኛውን ገደብ ይሰጣል፤ መሣሪያው በተግባር የሚወጣውን ሬዲየስ ይወስናል። ከዚህ በተጨማሪ እንደ ሥራው ዓይነት የሚለወጡ አራት ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛው ሹል እጥፋትና ሰፊ ጥምዝ የተለያዩ ፈተናዎች መሆናቸው ነው። ማንኛውም እጥፋት ኃይሉ ሲነሣ በመጠኑ ይከፈታል። ሬዲየሱ ጠባብ ሲሆን መመለሱ ጥቂት ነው፤ 1 ሚሊሜትር ለስላሳ ብረት በ2 ሚሊሜትር ሬዲየስ ሲታጠፍ የሬዲየሱ ለውጥ 1 በመቶ አይሞላም። ያው ላሜራ እንደ ምድጃ ሽፋን በ150 ሚሊሜትር ሬዲየስ ሲጠቀለል ግን በተለመደው ስሌት ሲለቀቅ ወደ 320 ሚሊሜትር ይከፈታል። ለላቀች ሽፋን ስንጥቅ ስጋት አይደለም፤ ስጋቱ መፈታት ነው። ለዚህም ነው ሽፋኑ በስፌት እጥፋት ወይም በብየዳ የሚታሰረው።

ሁለተኛው ድርብ ጠርዝ ነው። የሳጥንና የባልዲ አፍ በራሱ ላይ ታጥፎ ይደረባል፤ ሬዲየሱ ዜሮ ማለት ነው። ለስላሳ ቀጭን ቆርቆሮ ይህን ይችላል፤ ጠርዙ እጅ አይቆርጥም፣ ዕቃውም ይጠነክራል። ነገር ግን ቆርቆሮ ሁሉ አንድ አይደለም። ለጣሪያ ከሚሠሩት ቆርቆሮዎች መካከል ከተዳመጠ በኋላ ያልለሰለሰ፣ 550 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ያለው ዓይነት አለ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ደረጃ ለዚህ ዓይነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ መለጠጥ 2 በመቶ ብቻ ነው። በዓይን ሲታይ ከለስላሳው አይለይም፤ ሲደረብ ግን ይሰነጠቃል። የተራረፈ የጣሪያ ቆርቆሮ ለሳጥን ሥራ ሲውል አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ልባጩ ነው። ብረቱ ሳይሰነጠቅ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ ነው ቀለም የተቀባ ላሜራ በተለየ ፈተና የሚለካው። ላሜራው በራሱ ላይ ሲደረብ ዜሮ ቲ፣ በመካከሉ አንድ ውፍረት ሲገባ አንድ ቲ ይባላል። ዚንክ ጥቃቅን ስንጥቆችን አጠገባቸው ሆኖ ይጠብቃል፤ ቀለም ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ቀድሞ ታጥፎ በኋላ በቀለጠ ዚንክ ለሚነከር ብረት የአሜሪካው ደረጃ ኤ 143 ቢያንስ የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ሬዲየስ ይመክራል፤ ምክንያቱ በቅዝቃዜ በጣም የታጠፈ ብረት በመንከሪያው ሙቀት ሊሰበር ስለሚችል ነው።

አራተኛው ብየዳ ነው። ቀዝቅዞ የታጠፈ ማዕዘን ሲበየድ ሙቀቱ ብረቱን በቀላሉ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። የአውሮፓው የብረት ግንባታ ደረጃ 1993 ክፍል 1-8 ከማዕዘኑ በውፍረት አምስት እጥፍ ርቀት ውስጥ ለሚደረግ ብየዳ ገደብ ያስቀምጣል። ሬዲየሱ ከውፍረቱ ጋር እኩል ከሆነ፣ ብረቱ ከብየዳው በፊት በሙቀት ካልታከመ በቀር፣ የሚፈቀደው እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ነው። በር በተጣጠፈ ብረት ሠርቶ የበሩን ማጠፊያ ማዕዘኑ ላይ ለሚበይድ ሁሉ ይህ አንቀጽ በቀጥታ ይመለከተዋል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር የሚነሣው «ስንጥቅ» ከሚለው ቃል ነው። የውጭው ገጽ መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፤ ከዚያ በጨረፍታ የማይታይ መስመር ይወጣል፤ በመጨረሻ በግልጽ ይከፈታል። የትኛው ነው ሥራውን ውድቅ የሚያደርገው? የታጠፈ ናሙናን የሚፈትኑት ደረጃዎች በዚህ ረገድ የተለያየ መለኪያ ይጠቀማሉ። የጀርመን የመኪና አምራቾች ማኅበር ያወጣው 238-100 የተባለው ፈተና የመጫኛው ኃይል ከፍተኛው ነጥብ ደርሶ ሲወርድ የተደረሰበትን ማዕዘን ይወስዳል፤ ሌሎች በዓይን ምርመራ ይወስናሉ። ሁለት ሠንጠረዦች ለአንድ ብረት የተለያየ ዝቅተኛ ሬዲየስ የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው የመለጠጥ ፈተና ለእጥፋት ይመሰክራል ወይ የሚለው ነው። ከላይ የተጠቀሰው የጣሪያ ቆርቆሮ 2 በመቶ ብቻ እንዲለጠጥ ሲጠበቅ፣ በመዳመጫ ላይ ግን በውፍረቱ ጥቂት እጥፍ ሬዲየስ ታጥፎ ጣሪያ ይሆናል፤ በዚያ ሬዲየስ የውጭው ገጽ ከ10 በመቶ በላይ ይለጠጣል። ቁጥሮቹ የተራራቁት የጉተታ ፈተናው መለጠጡን በረጅም ናሙና ላይ ስለሚያካፍለው ነው። እጥፋት ግን በጠባብ ቦታ ብቻ የሚፈጸም ነው። በመኪና ሥራም ሁለት ጠባይ ያላቸው አሉ። አንዳንድ ጠንካራ ብረቶች ሲጎተቱ በደንብ ይለጠጣሉ፣ ሲታጠፉ ግን ቶሎ ይሰነጠቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ስለዚህ ከሻጭ ወረቀት ላይ ያለ የመለጠጥ ቁጥር ብቻውን ሬዲየስ አይወስንም።

ሦስተኛው ማዕዘኑ ይጠነክራል ወይስ ይዳከማል የሚለው ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ዊንተር የመሩት የቀጭን ብረት ምርምር፣ በተለይም የተመራማሪው ካረን የ1967 ጥናት፣ ቀዝቅዞ የታጠፈ ማዕዘን የመሸከም ጥንካሬው እንደሚጨምር አሳይቷል፤ የንድፍ ደረጃዎችም ይህን ጭማሪ መጠቀም ይፈቅዳሉ። በሌላ በኩል ያው ማዕዘን የቀረው ተለጣጭነት ያንሳል። ለቋሚ ጭነት ጠባብ ሬዲየስ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ በመጥፎ መንገድ ላይ ዘወትር ለሚንቀጠቀጥ፣ በኬንያ ማታቱ ለሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ አካል ግን ያ ማዕዘን የድካም ስንጥቅ መነሻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የኬ ፋክተር ቋሚነት ነው። የንድፍ ሶፍትዌሮች አንድ ቁጥር እንዲገባ ይጠይቃሉ፤ የጀርመኑ ደረጃ 6935 ግን ቁጥሩ ከሬዲየስና ከውፍረት ጥምርታ ጋር እንዲለወጥ ያደርጋል። ብዙ ወርክሾፖች ሁለቱንም ትተው ከራሳቸው ማሽን ሙከራ የተገኘ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ። ማስረጃው ለእነዚህ ያደላል። ገለልተኛውን መስመር የሚያንቀሳቅሱት ቁሱ፣ መሣሪያውና ቅባቱ ሁሉ በአንድ ላይ ናቸውና አጠቃላይ ቀመር ሁሉንም ሊይዝ አይችልም።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

የሦስቱን አቋሞች ማስረጃ አንድ ላይ ላየ ሰው ተቃርኖው ይቀንሳል። ሬዲየስ ከውፍረት ጋር እኩል ይሁን የሚለው ጥሩ መነሻ ነው፤ ለማይታወቅ ብረት ግን ዋስትና አይደለም። የቁስ ሠንጠረዥ ዝቅተኛውን ገደብ ይሰጣል፤ የሚያገለግለው ግን ብረቱ ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። የመሣሪያው መመሪያ እውነተኛውን ሬዲየስ ያሳያል፤ ብረቱ ይችለው እንደሆነ ግን አይነግርም።

በካሳራኒም በመርካቶም የሚጎድለው ቀመር አይደለም፤ መረጃ ነው። ትልቅ ፋብሪካ ላሜራውን ከነምስክር ወረቀቱ ይገዛል። የመንገድ ዳር ባለሙያ ግን በጌጅ የተሸጠ ወይም ከበርሜል የተቀደደ ብረት ይዞ ይጀምራል፤ ደረጃውን፣ የተዳመጠበትን አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ትክክለኛ ውፍረቱን አያውቅም። በሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ለእሱ ከመጠን በላይ ደፋር ወይም ከመጠን በላይ ፈሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሻጮች በኩል የሚያስፈልገው ለውጥ ቀላል ነው። በላሜራው ላይ ውፍረቱ በሚሊሜትር፣ የብረቱ ዓይነትና የተዳመጠበት አቅጣጫ ይጻፍ። የሙያ ማሠልጠኛዎችም ሰልጣኞችን ቀመር ከማስጠናት ጋር ማጠፍን እንደ ፈተና መጠቀም ያስተምሯቸው።

ምክንያቱም ለማይታወቅ ብረት እስካሁን ከየትኛውም ሠንጠረዥ የተሻለው ማስረጃ ከዚያው ላሜራ የተቆረጡ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ናቸው። አንዱ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በቀጥታ በሚያቋርጠው አቅጣጫ ይቆረጥ፤ ሁለቱም በሥራው መሣሪያ ይታጠፉ፤ የተቆረጠው ሻካራ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይዙር። ከዚያ የውጭው ገጽ በብርሃን ይታይ፤ የውስጥ ሬዲየሱ ይለካ፤ ታጥፎ የተገኘው ርዝመት ከተቆረጠው ጋር ይነጻጸር። ስንጥቅ፣ ሬዲየስና የልኬት ቅናሽ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይታወቃሉ። ወጪው መዳፍ የሚያህል ላሜራና ሩብ ሰዓት ነው። ላሜራ የምታጥፉ ሁሉ፣ ዋናውን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱን ቁራጮች እጠፉ።